«ባዶ» የሚለው ቃል በመጽሐፈ ሩት

መጽሐፈ ሩት እንደ አጭር ልብ ወለድ ሲነበብ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሩት ናት ማለት የተለመደ ነው። ተማሪዎቻችንም «ታማኝ ምራት» ብለው ይዘጉታል። በእኔ አመለካከት ግን የአራቱ ምዕራፎች ሴራ የተንጠለጠለው በኑኃሚን ላይ ነው። ባሏንና ሁለት ወንዶች ልጆቿን በሞዓብ የቀበረች ሴት አብራት የቀረችውን ሰው መቼ ወገኔ ትላለች?

ሩት መንገድ ላይ ቃል ስትገባላት ኑኃሚን መልስ አትሰጥም፤ ተራኪው ዝም ማለቷን ብቻ ይነግረናል። ቤተ ልሔም ሲደርሱም ለከተማው ሴቶች ባዶዋን እንደ ተመለሰች ትናገራለች። ሩት ግን አብራት መጥታለች! ይህ የጠባይ ክፋት አይመስለኝም፤ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል።

ለውጡ የሚታየው በምዕራፍ 2 መጨረሻ ነው። ሩት የቃረመችውን ገብስ ወቅታ፣ ከምሳዋም ያስተረፈችውን ይዛ ትገባለች። ኑኃሚን የእርሻውን ባለቤት ስም ስትሰማ፣ በ1954 ዓ.ም. በታተመው አማርኛ ትርጉም፣ ቦዔዝን የምትጠራው «ዘመዳችን» ብላ ነው። የባሏ ወገን ስለ ሆነ «ዘመዴ» ማለት ትችል ነበር። ይህች ትንሽ የባለቤትነት ቅጥያ ከመንገዱ ቃል ኪዳን ይልቅ ክብደት አላት፤ ያኛው የሩት ምርጫ ነበር፣ ይህኛው የኑኃሚን ነው። የሚገርመው ተራኪው ራሱ ወዲያው በሚቀጥለው ቍጥር ሩትን እንደገና «ሞዓባዊት» ይላታል።

«ባዶ» የሚለው ቃል በምዕራፍ 3 ይመለሳል። ሩት ስድስት መስፈሪያ ገብስ ተሸክማ ከአውድማው ስትመጣ፣ ቦዔዝ ወደ አማትሽ ባዶሽን አትሂጂ እንዳላት ትናገራለች። ተራኪው ግን ቦዔዝ ይህን ሲል አላሰማንም። ሩት ራሷ ጨምራው ይሆን? ማስረገጥ አይቻልም፤ ሆኖም የኑኃሚንን ምሬት የሰማችው ሩት እንጂ ቦዔዝ አይደለም። በመጽሐፉ ውስጥ የሩት የመጨረሻ ንግግርም ይኸው ነው።

ቅሬታዬ በምዕራፍ 4 ላይ ነው። ሴቶቹ ለኑኃሚን ልጅ ተወለደላት ይላሉ፤ ዖቤድ ብለው ስም የሚያወጡለትም እነርሱ ናቸው። ኑኃሚን ሕፃኑን ታቅፋለች። ሩትም ባል ቀብራለች፣ እናትና አባቷን ትታለች። የባሏን ሞት ቦዔዝ የሚያነሣው እንኳ ለአማቷ ያደረገችውን ሲያመሰግን በማለፍ ነው። ሐዘኗን የጠየቃት አንድም ሰው የለም።