ሲ ድራይቭ ሞላ

ሲ ድራይቭ ሲሞላ ደውሎ «ዲስኩ ሞልቷል» የሚል ሰው የለም። መጀመሪያ የሚመጣው የፕሪንተር አቤቱታ ነው። ዊንዶውስ አንድ ገጽ ከማተሙ በፊት ራሱ የተጫነበት ዲስክ ላይ ለጥቂት ጊዜ ያስቀምጠዋል፤ ቦታ ሲያጣ የህትመት ወረፋው ይቆማል። ቀጥሎ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ አልመዘግብም ይላል። ወሩ ሰኔ ከሆነና በጀት ዓመቱ ሊዘጋ ቀናት ከቀሩት ደግሞ የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ድምፅ ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማል፦ «ልጄ፣ ይሄ ፕሪንተር ዛሬም አመሉ ተነሳ፤ ና እስቲ እየው።» «እሺ እትዬ፣ መጣሁ» እላለሁ፤ የምሄደው ግን ወደ ሰርቨሩ ነው።

ዲስክ የሚሞላው በብዙ ምክንያት ነው። እኔን ደጋግሞ የሚገርመኝ ግን አሮጌ የባክአፕ ሶፍትዌር የሚያመጣው ሙላት ነው፤ መረጃ እንዳይጠፋ ተብሎ የተገዛው ፕሮግራም ራሱ ሰርቨሩን መፈናፈኛ ያሳጣዋል። ባክአፕ የሚሠራ ፕሮግራም የትኛውን ፋይል መቼ ቀድቶ የት እንዳኖረ የሚመዘግብበት ካታሎግ አለው፤ ካታሎጉም ዳታቤዝ ነው። አንዳንዶቹ ለዚህ የሚጠቀሙት ኤስኪውላይትን ነው። ይቺን ትንሽ የዳታቤዝ ሞተር ሪቻርድ ሂፕ ያወጣት እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን፣ ሐሳቡ የመጣለት ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መርከብ በሚሠራ ሶፍትዌር ላይ ሳለ ነበር። ዛሬ በየስልካችን ውስጥ አለች። ብዙ መረጃ መደርደር ወይም ዳታቤዙን መጠቅጠቅ ሲኖርባት ጊዜያዊ ፋይል ትከፍታለች፣ ስትጨርስም ይጠፋል። መጥፋት ነበረበት ማለት ይሻላል።

እነዚህ ፋይሎች በቀድሞ ጊዜ ስማቸው የሚጀምረው በሞተሯ ስም ነበር። ማካፊ ኤስኪውላይትን በጸረ ቫይረስ ምርቱ ውስጥ ሲያስገባት ፋይሎቹ በብዙ ሰው ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ብቅ ብቅ አሉ። ሰዎቹም ስሙን ጎግል ላይ እየፈለጉ፣ የሠሪዎቹን ስልክ እያገኙ፣ በእኩለ ሌሊት እየደወሉ ያማርሩ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሠሪዎቹ መላ መቱ፤ ስሙን ገለበጡት። ከዚያ ወዲህ ፋይሎቹ የሚጀምሩት በኢ፣ ቲ፣ አይ፣ ኤል፣ ኪው፣ ኤስ ነው። ምክንያቱንም ኮዱ ውስጥ ጽፈውታል፦ ይህን ከኋላ ወደ ፊት አንብቦ የደረሰበት ሰው፣ ለእነሱ መደወል ፋይሉን እንደማያጠፋለትም አያጣውም። በሙያችን ከዚህ የሚበልጥ ቀልድ አላውቅም። ቀልዱ ግን ቁም ነገር አለው። ፋይሉ ላይ ያለው የሞተሯ ስም እንጂ ፋይሉን የከፈተው ፕሮግራም ስም አይደለም። የእኛ ሥራ የሚጀምረውም ፋይሉን ማን ነው የያዘው ብሎ ከመጠየቅ ነው።

ፋይሎቹን ማየትም ቀላል አይደለም። ባክአፑ የሚሮጠው በሲስተም አካውንት ስለሆነ ቴምፑ የተጠቃሚው ቴምፕ ሳይሆን ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለው ነው። በዚያ ላይ ፋይሎቹ ሲፈጠሩ የተደበቁ ሆነው ነው። ስለዚህ የራሱን ቴምፕ ያጸዳ ሠራተኛ መቶ ሜጋ እንኳ ሳያስለቅቅ «ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል። ዲስኩን ማን እንደያዘው በቀለም የሚያሳየውን ዊንድርስታትን በአድሚን መብት ከፍተህ ስታስቃኘው ነው ግማሹን ስክሪን የያዘ አንድ ቀለም ያለው ሰፈር የሚወጣልህ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው ሁሉንም መርጦ ዲሊት መጫን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ በቀን አስደርድሬ አያቸዋለሁ። አንድ ሰርቨር ላይ ያገኘሁት ዝርዝር ትዝ ይለኛል፦ በየሌሊቱ አንድ ፋይል፣ ሁሌም ከሌሊቱ 8 ሰዓት አለፍ ብሎ የተፈጠረ፣ መጠናቸውም ተቀራራቢ። የመጨረሻዎቹ ብቻ ያንሱ ነበር፤ ዲስኩ ስላለቀ። ይህ ዝርዝር በራሱ ሪፖርት ነው። ባክአፑ በየሌሊቱ ተነስቶ እዚያው ቦታ ላይ እየተሰናከለ ነበር ማለት ነው።

የሚሰናከልበትም ምክንያት አለው። ካታሎጉ ዓመታት ሲጠራቀሙበት ይወፍርና ፕሮግራሙ ሊጠቀጥቀው ይሞክራል። መጠቅጠቅ ማለት ዳታቤዙን ወደ ጊዜያዊ ፋይል ገልብጦ መልሶ መጻፍ ስለሆነ፣ እስከ ዳታቤዙ እጥፍ የሚደርስ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። 20 ጊጋ ካታሎግ እስከ 40 ጊጋ ሊጠይቅ ይችላል። ሶፍትዌሩ በተጻፈበት ዘመን እንዲህ ያለ ካታሎግ ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሥራው መሀል ላይ ይከሽፋል፣ ሰርቪሱ ፋይሉን ሳይዘጋ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ በማግስቱ ሌሊት ሌላ አዲስ ይከፍታል።

ሰርቨሩን ሪስታርት ስታደርገው ታዲያ ተአምር ይመስላል። ዊንዶውስ ላይ እነዚህ ፋይሎች የሚከፈቱት ሲዘጉ እንዲጠፉ ታዘው ስለሆነ፣ ሰርቪሱ ሲቆም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ፤ ቦታው ተመለሰ፣ ፕሪንተሩ ሠራ፣ ሁሉም አመሰገነ። ሳምንት ሳይሞላ ግን እንደገና ይጀምራል። በሪስታርት የተፈታ የዲስክ ችግር እንደተፈታ ቆጥሬ አላውቅም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ዩፒኤሱ ከደከመ ሰርቨሩ ድርግም ይላል፣ «ሲዘጋ ይጥፋ» የሚለውን ትእዛዝ የሚፈጽም አይኖርም፣ ፋይሉም ባለቤት አልባ ሆኖ ለዓመታት ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን ምንም ፕሮግራም እንዳልያዘው በፕሮሰስ ኤክስፕሎረር አረጋግጦ ማጥፋት ይቻላል።

ሊኑክስ ላይ አመሉ ሌላ ነው። ፋይሉ እንደተከፈተ ስሙ ከፎልደሩ ይሰረዛል፤ ቦታውን ግን ፕሮግራሙ እስኪዘጋው አይለቅም። «ዲኤፍ» የሚባለው ትእዛዝ ዲስኩ ሞልቷል ይልሃል፣ ፋይሎቹን የሚደምረው «ዲዩ» ደግሞ የለም ይልሃል። ተሰርዘው ገና የተያዙትን ፋይሎች በ«ኤልኤስኦኤፍ» አስዘርዝር፣ ባለቤታቸው ይወጣል።

አንድ ነገር ግን አይነካም። ከዳታቤዙ ጎን፣ የዳታቤዙን ስም ይዘው «ጆርናል» ወይም «ዋል» የሚል ቅጥያ ያላቸው ፋይሎች ጊዜያዊ ይመስላሉ፤ ያላለቀ ሥራ የተጻፈው እነሱ ውስጥ ነው። እነሱን ማጥፋት ዳታቤዙን ሊያበላሸው ይችላል። ቴምፕ ውስጥ ያለውና ከዳታቤዙ ጎን ያለው አንድ አይደሉም፤ አዲስ ለሚመጣ ልጅ መጀመሪያ የማሳየው ይህንን ነው።

ለምን አሮጌው ሶፍትዌር አይቀየርም የሚል ይኖራል። ላይሰንሱ የሚታደሰው በዶላር ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ያየ ሰው ይህን አይጠይቅም። ደግሞም ለግዢ በጀት የሚይዝ መሥሪያ ቤት ለእድሳት መያዙን ይረሳል። ስለዚህ ቦታ ካስለቀቅሁ በኋላ የምጽፈው ማስታወሻ ስለ ዲስክ አይደለም። የመጨረሻው ሙሉ ባክአፕ የተሳካበትን ቀን ነው የምጽፈው። ሎጉን እስኪያዩ ድረስ ብዙዎቹ አለቆች በየሌሊቱ እየተቀዳ ይመስላቸዋል። ያ ቀን የወራት ዕድሜ ሲኖረው በጀቱ ከየትም ይገኛል።

አዲሱ ሲገባ ደግሞ አሮጌውን አንስቶ መጣል የለም። ባክአፖቹ የተጻፉት በራሱ ፎርማት ከሆነ የሚከፍታቸው እሱ ብቻ ነው፤ ካታሎጉ ከጠፋም እንደ አዲስ ማስቃኘት ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ከነካታሎጉ ወደ አንድ ቨርቹዋል ማሽን አዛውረዋለሁ፣ ከኔትወርክ አወጣዋለሁ፣ የሌሊት የጊዜ ሰሌዳውን አጠፋለሁ፣ ከዚያ አንድ የድሮ ፋይል ሪስቶር አድርጌ በትክክል መከፈቱን አያለሁ። ዋናው ሰርቨር ላይ አንኢንስቶል ካደረግሁ በኋላም ሰርቪሶቹንና ታስክ ስኬጁለሩን እፈትሻለሁ፤ አሮጌ ባክአፕ ተወገደ ከተባለ በኋላም ሌሊት የሚነሳ ታስክ ትቶ የመሄድ ልማድ አለው።