ዋሽንት አይቃኝም

ሎስ አንጀለስ፣ ቫን ናይስ፣ ጋራዥ ውስጥ ልምምድ ስንጀምር ቀድሞ የሚነፋው ዋሽንት ነው። የክራር ጅማት ይጠብቃል፣ ይላላል፤ የማሲንቆ ጭራም እንዲሁ። ዋሽንት ግን አንዴ ከተበሳ በኋላ የሚጠመዘዝ ነገር የለውም፤ ነፊው ድምፁ ካልገጠመለት ረዘም ወይም አጠር ያለ ሌላ ዋሽንት ይመዝዛል። ስለዚህ ሁላችንም ወደ እሱ እንቃኛለን። የባንድ መሪነቴ ከዚህ ይጀምራል፤ ማን እንደሚታጠፍ፣ ማን እንደማይታጠፍ ከማወቅ።

የባህል ተጫዋች አብዛኛውን ዕድሜውን ብቻውን የሠራ ሰው ነው። የአዝማሪ ግጥሙም ፍጥነቱም ገቢውም በእጁ ነው። እሱን «ስምንት ምት ቆይተህ ግባ» ማለት ሥልጣኑን እንደ መንጠቅ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሲመሠረት የገጠመውም ፈተና ይኸው ይመስለኛል። መሥራቹ ግብጽ የተወለደው የሙዚቃ ቀማሪ ሃሊም ኤል ዳብ ነበር፤ ብቻቸውን ወይም በየአካባቢያቸው ይሰሙ የነበሩትን ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና አንድ መድረክ ላይ አመጣቸው። ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ተስፋዬ ለማ መራው። ተስፋዬ ራሱ የዜማና የግጥም ሰው ነበር፤ በ1969 ቡድኑ «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካን ዞረ። በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 23ኛው አልበም ላይ የዚያ ቡድን ሥራ አለ። እኔ የማደምጠው መሪውን ለመፈለግ ነው። ዜማው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈ? ሌላው መቼ ዝም አለ? መሪ የሚሰማው እዚያ ነው።

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ በተሰየመው ሰፈር ስንጫወት ግን ሌላ ጣጣ አለ፤ ሽልማት። ማሲንቆ ተጫዋቻችን በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ግንባራቸው ላይ ዶላር ሲለጠፍ ለሸላሚው ግጥም ይጨምራሉ፤ የተለማመድነው ቅንብር ይፈርሳል።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ቢያሳጥሩልን?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሰውዬው እያወጣ እንዴት አቆማለሁ?»

ልክ ናቸው። ሸላሚን ማንበብ ራሱ ሙያ ነው፤ ያንን ከከለከልኳቸው ጭራውና እንጨቱ ብቻ ይቀርልኛል። ስለዚህ ቅንብሩ ውስጥ ልኩ ያልተወሰነ ቦታ ተውኩላቸው። ቤዝ ክራርና ከበሮ አንዱን ዙር ይዘው ይቆያሉ፣ ዋሽንት ያርፋል፤ ጋሼ ሲበቃቸው ደጋኑን ቀና ያደርጋሉ፣ ሁላችንም እንገባለን። ሬስቶራንቱም ወዶታል፤ ገበያ ነዋ።

የቀረው ገንዘቡ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ዙሩን ይዞ የቆየው ቤዝ ክራር ተጫዋች ግንባሩ ላይ ማንም አይለጥፍለትም። ሽልማቱ ግማሹ ለተሸላሚው፣ ግማሹ ለሁላችን እንዲሆን አልኩ። ጋሼ ሁለት ሳምንት አኮረፉኝ። ከዚያ አንድ ምሽት ሳልጠይቃቸው ድርሻውን ራሳቸው ቆጥረው ለቤዝ ክራሩ ልጅ ሰጡት፤ «ግን ዙሩን አታፍጥንብኝ» ብለው።