በአንዲት ገመድ የሚሠራ የአደጋ ጥሪ

አሳንሰር በሁለት ፎቆች መካከል ሲቆም፣ መስማት ለተሳነው ሰው የድምፅ ጥሪ ምን ይጠቅመዋል? በአሜሪካ በስፋት የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የሕንፃ ኮድ እ.ኤ.አ. በ2018 እትሙ የአሳንሰር የአደጋ ጊዜ መገናኛ ጽሑፍንና ቪዲዮንም እንዲያካትት ደነገገ። ዘግይቷል፤ ግን እጅግ ተገቢ ነው።

ለቪዲዮ ጥሪ የሚያገለግለው የኢንተርኮም ፓነል ሲያዩት ቀላል ነው፦ ካሜራ፣ ማይክሮፎን፣ ድምፅ ማጉያና ጎላ ያለ ቁልፍ። የሚደነቀው ከጀርባው ያለው ነው። ምስሉም፣ ድምፁም፣ ኤሌክትሪኩም የሚያልፉት በአንዲት የኔትወርክ ገመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የፓወር ኦቨር ኢተርኔት መስፈርት ከኔትወርክ ማከፋፈያው (ስዊች) እስከ 15.4 ዋት እንዲላክ ይፈቅዳል፤ 100 ሜትር ተጉዞም ወደ 13 ዋት ገደማ ይደርሳል። ለፓነሉ ይበቃዋል። ስለዚህ በየቦታው ሶኬት መዘርጋት ቀረ፤ መብራት ሲጠፋም የስዊቹ መጠባበቂያ ባትሪ (ዩፒኤስ) እስካልደከመ ድረስ ፓነሎቹ ሁሉ ይሠራሉ።

ሰው አሳንሰር ውስጥ የሚቀርበት አንዱ ምክንያትም የመብራት መጥፋት ነው።

ቁልፉ ሲጫን የደዋዩ መልክ በጥበቃው ስክሪን ላይ ይመጣል፤ የሚያነሳ ካጣ ጥሪው ወደ ሌላ ቁጥር እንዲዞር ማድረግ ይቻላል። ቁልፉን ተጭኖ ራሱን የሳተ ሰው፣ ባይናገርም ይታያል። የአሜሪካ የተደራሽነት መስፈርት ደግሞ ቁልፉ ከወለል ከ122 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይሆን ያዛል፤ በዊልቸር የተቀመጠ ሰው እንዲደርስበት።