ራዲዮው የጣለው ድንጋይ

የአባቴ ራዲዮ ድምፅ ከጉድጓድ የሚመጣ መምሰል ሲጀምር ቤት ውስጥ ደስ የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እኔ። ድንጋዩ ደክሟል ማለት ነው። ሁለቱን ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ያወጣቸዋል፣ በጥርሱ ነከስ ነከስ ያደርጋቸዋል፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ እንደገና ይሞክራቸዋል። በሦስተኛው ቀን ተስፋ ይቆርጥና ይጥላቸዋል። እኔ አነሳቸዋለሁ። ለራዲዮ የሞተ ድንጋይ ለብሪክ ጌም ገና ነፍስ አለው፤ አንዳንዱ ወር ሙሉ ያጫውተኝ ነበር።

ነገሩ በእኛ አቆጣጠር 1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፣ እንፍራንዝ። ቤታችን መብራት አልነበረውም። ባሕር ዳር የምትጠጣው ውኃ ከእኛ ምንጮች ይሄዳል፤ ከባሕር ዳር ደግሞ ሳሙና፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ እና አንድ ቀን ታላቅ ወንድሜ የገዛት ግራጫ ብሪክ ጌም መጣች። ልውውጡ ፍትሐዊ ነው አልልም። ያኔ ብትጠይቁኝ ግን ያተረፍነው እኛ ነን እል ነበር።

ጀርባዋ ላይ «9999 በአንድ» ይላል። ይሄ ውሸት ነው፣ እንነጋገርበት። ውስጧ ያሉት ጨዋታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፦ ቴትሪስ፣ የመኪና ውድድር፣ እባብ፣ ታንክ፣ ግድግዳ ማፍረስ። ቀሪው ፍጥነቱንና የመነሻውን ቅርፅ እየቀያየሩ የተሰጠ ቁጥር ነው። እኔና ጓደኞቼ ግን አንድ ክረምት ሙሉ «ሁሉንም እናያቸዋለን» ብለን ቁጥር እየጨመርን ስንፈልግ ከረምን። ሺህ ምናምነኛው ላይ አንድ የተለየ ነገር ይኖራል ብለን እናምን ነበር፤ ሰው የሚሄድበት፣ ምናልባት ኳስ ያለበት። የለም። ዛሬ ሳስበው ከጨዋታዎቹ ሁሉ ያ ፍለጋ ይበልጥ ነበር፣ ፋብሪካው ያላሰበው ጨዋታ።

የእጅ ጌም ለምን ያማልላል ሲባል የተለመደው መልስ «በኪስ ስለሚያዝ ነው» የሚል ነው። አይዋጥልኝም። የእኛዋ ኪስ ውስጥ አትገባም፣ ከቤትም ብዙ አትወጣም ነበር። ከአንድ ትሪ ለሚበላ፣ ከወንድሞቹ ጋር አንድ መደብ ላይ ለሚተኛ ልጅ ግን ሁለት እጅ የምትሞላ፣ ፊት ላይ የምትጠጋ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራች ነገር መያዝ ሌላ ነው። ቴሌቪዥን ቢኖረን የሁላችን ይሆን ነበር። ራዲዮው የአባዬ ነው። ብሪኳ ግን እጄ ላይ እስካለች ድረስ የኔ ናት። ገበጣን አስቡት። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ ዓይነቶቹን ሰብስቦ ያሳተመው ያ ጨዋታ ከመሬት ጉድጓድና ከጠጠር በቀር ምንም አይፈልግም፤ ባላጋራ ግን ይፈልጋል። ብሪኳ ባላጋራ አትፈልግም። (ማታ ማታ ግን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ስክሪኗ የራሷ ብርሃን ስለሌላት ኩራዝ ሥር እንሰበሰባለን፣ የሞተ ለቀጣዩ ይለቃል፣ አራት ራስ አንድ ላይ ይጋጫል። ለብቸኝነት የተሠራች ዕቃ ሰው መሰብሰቧን እስካሁን አልጨረስኩትም።)

የራዲዮው ድንጋይ ነገር የገባኝ በኋላ ነው፣ ስለ ጉንፔይ ዮኮይ ሳነብ። የኒንቴንዶው መሐንዲስ ዮኮይ «የደረቀ ቴክኖሎጂ» የሚለው ነገር ነበረው። አዲሱን አትከተል፤ የቆየውን፣ የረከሰውን፣ ጠባዩ በደንብ የሚታወቀውን ወስደህ ማንም ባላሰበው መንገድ ተጠቀምበት። በ1989 የወጣው ጌም ቦይ በዚህ ሐሳብ ነው የተሠራው። ቀለም የለውም፣ ስክሪኑ አራት ደረጃ ያለው አረንጓዴማ ግራጫ ነው፣ ብርሃንም የለውም። ተፎካካሪው የሴጋው ጌም ጊር ባለቀለምና ባለብርሃን ነበር፤ ግን ስድስት ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጨርሳል። ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሄዳል። ማን እንዳሸነፈ ታውቃላችሁ፤ ከተከታዩ ከጌም ቦይ ከለር ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። እንፍራንዝ ግን ጌም ቦይ አልደረሰም። የደረሰን የደረቀውም ደርቆ የቀረው ነው፤ በቁመት ሃያ፣ በአግድም አሥር ካሬ፣ ወይ ጥቁር ወይ ባዶ። ራዲዮ የተፋውን ድንጋይ የሚበላ ማሽን። ዮኮይ ቢያያት የሚኮራባት ይመስለኛል።

ሁለት መቶ ካሬ በቂ ነው ወይ? ለታንኩ አይበቃም፤ ታንክ ተብዬው ከጠላቱ አይለይም፣ ማን ማንን እንደመታ ሳታውቅ ትሞታለህ። ለመኪናው ግን ይበቃል፤ አራት ጎማ የመሰሉ ነጥቦች ስታይ መኪና ነው ብለህ ትጨርሰዋለህ። ለቴትሪስ ደግሞ ከበቂም በላይ ነው። አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 ሞስኮ ላይ ቴትሪስን የጻፈበት ኤሌክትሮኒካ 60 ምስል የመሳል አቅም ስላልነበረው፣ ቅርፆቹን ከቅንፍ ነው የሠራቸው። ጨዋታው ከመጀመሪያውም የድህነት ልጅ ነው፣ ድህነታችን ውስጥ ሲገባ ምንም አልጎደለበትም። ማሸነፍ የሚባል ነገርም የለበትም። መደርደር አለ፣ መዘግየት አለ፣ መጨረሻ ላይ መሞላት አለ። የሞላው መስመር ይጠፋል፤ የሚቀረው የተሳሳትከው ነው።

ዛሬ ስልኬ ላይ ጌሞች አሉኝ። አዲስ አበባ ያሉት ቅኔ ጌምስ የሠሯት «ኩኩሉ» አለች፣ ዶሮዋ የምትሮጥባት፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥተውታል። ኩኩሉን እወዳታለሁ፣ የሀገሬን ነገር በጣቴ ማስሮጥ ደስ ይላል። ቅሬታዬ ከስልኩ ጋር ነው። ዶሮዋ እየሮጠች የቴሌብር መልእክት ይገባል፣ ሰው ይደውላል፣ አለቃዬ ይጽፋል። ስልክ ለጨዋታ ሲያዝም ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። ብሪኳ ከኔ የምትፈልገው ሁለት ድንጋይ ብቻ ነበር። እሱም የተጣለ።

አንድ ጉድለት ግን አለባት፣ ይቅር የማልላት። ትልቁን ነጥብ የምታስታውሰው ድንጋዩ እስካልወጣ ድረስ ነው። ጠፍታ ብትከርምም ቁጥሩ ይቆያል፤ ድንጋዩ ሲነሳ ግን ሁሉም ዜሮ። ጌም ቦይም ቢሆን ከዚህ ብዙም አልራቀም፣ የፖክሞን ካሴት ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ ከዓመታት በኋላ ስትሞት የልጅነትህ ፖክሞኖች አብረው ይሞታሉ።

ወንድሜ ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሁመራ የሄደው በነሐሴ ነው። ከመሄዱ በፊት አዲስ ድንጋይ ገዝቶ አስገባላትና ሦስት ሌሊት ተጫውቶ 31,700 አደረሰ። «ስመጣ ላግኘው» አለኝ። እኔም አልነካኋትም ማለት ይቻላል፤ እየከፈትኩ ቁጥሩን አይና እዘጋለሁ።

መስከረም ላይ አንድ ማታ ራዲዮው ዝም አለ። ሱቅ ዱቤው ሞልቷል። አባዬ እጁን ዘረጋ።

«የጋሼ ቁጥር ይጠፋል» አልኩት።

«ምን ቁጥር?»

ላስረዳው ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ለካ ስለ ጌም መጻፍ የጀመርኩት ያን ቀን ነው፣ አንባቢዬም አልተቀበለኝም። ድንጋዮቹን አወጣሁና ሰጠሁት። በዚያ ማታ ራዲዮው ጥርት ብሎ ተናገረ፤ ሁመራ የሚለውን ስም እየጠበቀ እስከ መጨረሻው ሰማ። ስለ ሁመራ ምንም አልተባለም።

ድንጋዮቹ ሲደክሙ መልሶ ጣላቸው፣ እኔም አነሳኋቸው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሳልደክም ተጫወትኩ፤ 31,700ን መልሼ ላስቀምጥለት። ጣቴ ቆሰለ። ኅዳር ላይ ወባ አክስቶት ሲመጣ 19,200 ላይ ነበርኩ።

እግሩን ታጥቦ፣ በልቶ፣ መጀመሪያ የጠየቀው እሷን ነው። ኩራዙን ጠጋ አድርጎ ከፈታት። ብዙ አያት።

«ይሄ የኔ አይደለም። የማን ነው?»

«የኔ» አልኩ።

ትንሽ ዝም አለና መልሶ ሰጠኝ። «እንካ ቀጥል፣ እያየሁ ልተኛ» አለ።