የአውግስጢኖስ ኑዛዜና አባቱ

ቅዱስ አውግስጢኖስ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በጻፈው የኑዛዜ መጽሐፍ፥ ሰው ሁሉ የሚያነሣው የእናቱን የሞኒካን እንባ ነው። ልጅ የሚያሳድገውን አንባቢ ግን የአባቱ የፓትሪክዮስ ነገር ይበልጥ ያሳስበዋል። ይህ የታጋስቴ ሰው ሀብቱ መጠነኛ ሲሆን፥ ልጁን በካርታጎ ለማስተማር ከአቅሙ በላይ ገንዘብ አዘጋጀ። ልጁም በ2ኛው ክፍል ይህን ከተናገረ በኋላ፥ አባቱ ለአንደበቱ ማማር እንጂ ለንጽሕናው አለመጨነቁን ይወቅሳል። ወቀሳው እውነት ነው፤ የትምህርት ቤቱን ክፍያ ከፍለን ስለ ልጃችን ጸሎት የማንጠይቅ ወላጆችንም ይነካናል። ነገር ግን በ3ኛው ክፍል፥ እናቱ ስለምትሰጠው ገንዘብ ሲናገር የአባቱን ሞት በመካከል ጣል አድርጎ ያልፋል፤ በዚህ ስፍራ ብዕሩ ለአባቱ ነፈገው። በ9ኛው ክፍል መጨረሻ ግን አንባቢዎቹ በመሠዊያው ፊት ሞኒካንና ፓትሪክዮስን አንድ ላይ እንዲያስቡለት ይለምናል።