ትንፋሹን የቀነሰው የትኛው ነው?

ወልደ ዮሐንስና ባልደረቦቻቸው በአንድ የኢትዮጵያ ጥጥ ፋብሪካ 595 ሠራተኞችን መርምረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት፣ የሠራተኛን ሳምባ ለሚያጠና ተማሪ ሁሉ መነሻ ሊሆን የሚገባው ነው። ቢሲኖሲስ የተባለው፣ ከጥጥ ብናኝ የሚመጣው የሳምባ በሽታ፣ ጥጥ በሚነፋበት ክፍል ከመቶ 43.2፣ በሚባዘትበት ክፍል ከመቶ 37.5 ሆኖ ሲገኝ በሌሎቹ ክፍሎች ከመቶ 4 እስከ 24 ነበር። የጥናቱም ዋና ብልኀት ሠራተኛው ሥራ ሳይጀምርና ሥራውን ሲጨርስ ሁለት ጊዜ ትንፋሹን መለካቱ ነው።

ይሁን እንጂ ጥናቱን ወደ ሐዋሳ አምጥተን የስኳር በሽታ ስላለበት ሠራተኛ ልንጠይቀው ብንሞክር ሦስት ችግሮች ይገጥሙናል።

አንደኛ፣ በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይበልጡን ልብስ የሚሰፋበት ነው። የባዘቶ ክፍልን ቁጥር ለስፌት ክፍል ማዋስ ስሕተት ነው፤ ብናኙ በየክፍሉ እንደ ገና መለካት አለበት።

ሁለተኛ፣ የስኳር በሽታ ያለ ብናኝም ቢሆን ሳምባ የሚይዘውን አየር በመጠኑ እንደሚቀንስ በልዩ ልዩ አገሮች ታይቷል። አንድ ጊዜ ብቻ የለካ ተመራማሪ እንግዲህ ትንፋሹን የቀነሰው ብናኙ ይሁን ስኳሩ ሊለይ አይችልም። ከዕረፍት በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ቀን፣ ጧትና ማታ መለካት፣ ስኳር ካለባቸውና ከፋብሪካ ውጭ ከሚሠሩ ሰዎችም ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። የስኳር በሽታ ለሳምባ ነቀርሳ ስለሚያጋልጥ አክታም ሳይመረመር ሳል ሁሉ የብናኝ ነው አይባልም።

ሦስተኛ፣ በፋብሪካው ውስጥ የሚገኘው ገና መሥራት የቻለው ነው። ትንፋሽ አጥሮት ሥራውን ትቶ በቡሹሎ ቤቱ የተቀመጠውን ያልቈጠረ ጥናት ፋብሪካውን ከእውነቱ ይልቅ ጤናማ አድርጎ ያሳያል።

ነገሩ የቁጥር ክርክር ብቻ አይደለም። ጥፋቱ በሙሉ በስኳር በሽታ ላይ ከተላከከ፣ አሠሪው አየሩን ከማጥራት ይልቅ በሽተኛውን ማሰናበት ይቀለዋል፤ ሰውየውም ትንፋሹንም እንጀራውንም ያጣል። ስለዚህ ጥናት የሚጀምር ጓደኛችን ሠራተኛውን ከመለካቱ በፊት የሚተነፍሰውን አየር ይለካ።