«ዝምተኛው ዓለም»፤ የባሕር ፊልምና የሰው እጅ

የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንደ ተባለ፥ ሰው ላላየው ነገር ማዘን ይቸግረዋል። ደን ሲመነጠር በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል፤ ከባሕር ወለል በታች የሚደርሰውን ጥፋት ግን ውሃው ራሱ ይሸፍነዋል። ስለዚህ የባሕርንና በውስጡ የሚኖሩትን ፍጥረታት ጥበቃ ለማስተማር ሲኒማ ከጽሑፍና ከንግግር ይልቅ ከፍ ያለ ጉልበት አለው። አገራችንም ዛሬ የባሕር ጠረፍ የሌላት ስለ ሆነች፥ ብዙ ተማሪ ባሕርን የሚያውቀው በፊልም ነው። ነገር ግን ማሳየት ብቻውን ማስተማር ነውን? መልሱን ለመፈለግ ለዚህ ዓይነቱ ፊልም መንገድ ከጠረገው ሥራ መጀመር ይገባል።

ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንን ዣክ ኢቭ ኩስቶ ከወጣቱ ሉዊ ማል ጋር ሆኖ ያዘጋጀው «ዝምተኛው ዓለም» የተባለው ፊልም፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ዓ. ም. ለሕዝብ ታየ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ዓመት በካን የፊልም በዓል ዋናውን ሽልማት፥ በሚቀጥለውም ዓመት በአሜሪካ ለዘጋቢ ፊልም የሚሰጠውን የኦስካር ሽልማት ተቀበለ። ኩስቶ አስቀድሞ በ1943 ዓ. ም. ኤሚል ጋኛን ከተባለው መሐንዲስ ጋር፥ የታመቀ አየር በጀርባ ተሸክሞ በውሃ ውስጥ መተንፈስ የሚያስችል መሣሪያ ሠርቶ ነበር። በዚህም ምክንያት ጠላቂው ከመርከብ በወረደ ቱቦ ሳይታሰር እንደ ልቡ ይዋኛል፤ ካሜራውም ይከተለዋል።

የፊልሙን ውበት መካድ አይቻልም። በመክፈቻው ላይ ጠላቂዎቹ ውሃ የማያጠፋው ችቦ ይዘው ወደ ጥልቁ ሲወርዱ፥ ተመልካቹ ወደ አዲስ አገር የሚገባ ይመስለዋል። በቀይ ባሕር ውስጥ በ1941 ዓ. ም. በጦርነት የሰጠመችው ቲስልጎርም የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ የዓሣዎች መኖሪያ ሆና ትታያለች። ጆጆ ብለው የሰየሙት ትልቅ ዓሣም ከጠላቂዎቹ እጅ እየበላ፥ እንደ ለማዳ እንስሳ ሲከተላቸው እናያለን።

ይሁን እንጂ በዚሁ ፊልም ውስጥ ሌላም ነገር አለ። በአንድ ስፍራ ሰዎቹ የዓሣውን ዓይነት ለመቁጠር ሲሉ፥ ኮራል የሚባሉት ጥቃቅን ፍጥረታት የገነቡትን የባሕር ውስጥ ዓለት በድማሚት ይመቱና የሞተውን ዓሣ ይለቅማሉ። በሌላ ስፍራ ካሊፕሶ የተባለችው መርከባቸው የዓሣ ነባሪዎችን መንጋ ስትከተል፥ ከኋላዋ የሚሽከረከረው መዘውር አንዱን ግልገል ይቈራርጠዋል፤ እነሱም ይገድሉታል። ደሙን አሽትተው የመጡትን ሻርኮች ደግሞ መርከበኞቹ እየጐተቱ ወደ ጀልባው ወለል ያወጡና በመጥረቢያ ይቀጠቅጧቸዋል። በአንዲት ደሴትም ላይ በታላላቅ ኤሊዎች ጀርባ ተቀምጠው ይቀልዳሉ።

የዛሬ ተመልካች ይህን አይቶ ፊልሙን ፈጽሞ ቢያወግዝ አይፈረድበትም። እኔ ግን ጉድለቱ ሌላ ስፍራ ይመስለኛል። ጉድለቱ ሥዕሉ ጥፋቱን ማሳየቱ አይደለም፤ ተራኪው ጥፋቱን ደግፎ መናገሩ ነው። ድማሚቱ ለሳይንስ አስፈላጊ ነበር፥ ሻርክም የጠላቂ ጠላት ነው እያለ ምክንያት ያቀርባል። የፊልሙ ዓይን እውነተኛ ምስክር ሲሆን፥ አንደበቱ ጠበቃ ሆነ። ነገር ግን ምስክሩ ስላልተደበቀ፥ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ እኛ ራሳችን ፍርዱን ለመስጠት ቻልን።

ኩስቶም ራሱ በዚያው አቋም አልቀረም። በ1960 ዓ. ም. የአቶም ፍርስራሽ በሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ እንዲጣል የታሰበውን አሳብ ተቃወመ፤ ከ1968 ዓ. ም. ጀምሮ በቴሌቪዥን ባቀረባቸው ተከታታይ ፊልሞች ባሕሩን በየቤቱ አስገባ፤ በ1973 ዓ. ም. ለባሕር ጥበቃ የሚሠራ ማኅበር አቋቋመ። በ1997 ዓ. ም. ሲሞት ስሙ የሚነሣው ከአሳሽነቱ ይልቅ በባሕር ጠባቂነቱ ነበር ለማለት ይቻላል።

አሁን ከዚህ ጋር በ2017 ዓ. ም. የወጣውንና ዴቪድ አተንቦሮ የተረከውን «ሰማያዊዋ ፕላኔት» የተባለውን የቢቢሲ ፊልም ሁለተኛ ተከታታይ እናነጻጽር። በዚህም ውስጥ የሞተ ግልገል አለ፤ ከዓሣ ነባሪ ወገን የሆነች እናት ልጅዋ ከሞተ በኋላ ተሸክማው ስትዞር እናያለን። ተራኪው በረጋ ድምፅ፥ ምናልባት በተበከለው የእናቱ ወተት ተመርዞ ይሆናል ይላል። የእናቲቱ ኀዘን ልብን ይሰብራል፤ በዚህ ረገድ አዲሱ ፊልም ከቀድሞው እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን የግልገሉ ሞት በምን እንደ መጣ ሥዕሉ አያሳይም፤ በንግግር ብቻ ይገመታል። ገዳዩ እጅ ከሥዕሉ ውጭ ነው። ተመልካቹ ያለቅሳል፤ ያለቀሰው ግን በማን ሥራ እንደ ሆነ አያይም።

እንግዲህ አንደኛው ፊልም እጁን አሳይቶ ኀዘኑን ነሣን፤ ሁለተኛው ኀዘኑን ሰጥቶ እጁን ሸሸገብን። ኀዘን የሌለበት ዕውቀት ሰውን ጨካኝ ያደርገዋል፤ ዕውቀት የሌለበት ኀዘንም መብራቱ ሲበራ አዳራሹ ውስጥ ይቀራል። የባሕር ጥበቃ ሕግና ደንብ የሚሻ ጉዳይ ነው፤ ሕግም የሚወጣው ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ሲታወቅ ነው። ስለዚህ ወደ ፊት ፊልም የሚያዘጋጁ ሰዎች መረቡን፥ ፋብሪካውን፥ የተጣለውን ፕላስቲክ፥ የገዢውንም ቅርጫት ከዓሣው ውበት ጋር በአንድ ሥዕል ውስጥ ሊያገናኙ ይገባቸዋል።

መምህራንም ለተማሪዎቻቸው ሁለቱን ፊልሞች አንድ ላይ ቢያሳዩ መልካም ነው። ተማሪው የቀድሞውን አይቶ፥ «ይህን ማድረግ አይገባም ነበር» ማለቱ አይቀርም። የኋለኛውን ካየ በኋላ ደግሞ፥ «ይህን ያደረገው ማን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ የመምህሩ ድርሻ ነው።